ውጤቱን ቀድሜ አውቀው ነበር፤ ታዲያ ለምን እንዲህ አንገበገበኝ?

የሐይቅ ዳር ሯጭ (ክሩን የጀመረችው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ሆዴ ሞልቷል፣ ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እሁድ እዚሁ ሀዋሳ የክለቦች የ21 ኪሎ ሜትር ውድድር ነበር። 1 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ገባሁ። ለማታውቁኝ፣ ጤነኛ ስሆን በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ፀሐይ ከ1 ሰዓት ከ15 በታች እሮጣለሁ። ክረምቱ እንዳለፈ ወባ ያዘኝ። ታከምኩ፣ ተሻለኝ፣ ልምምድ ጀመርኩ። ገና ፎርም ልይዝ ስል ተመለሰብኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ከአልጋ ስነሳ ለውድድሩ የቀረው ጊዜ ስፒድ ለመሥራት የሚበቃ አልነበረም። ሶምሶማ፣ ትንሽ ረጅም ሩጫ፣ በቃ።

ይህን እኔም አውቃለሁ፣ አሰልጣኜም ያውቃል፣ የክለቡ ሰዎችም ያውቃሉ። ለቡድን ነጥብ አራት ሴት ያስፈልግ ነበር፤ ጤነኞቹ ሦስት ናቸው። "ጨርሺልን ብቻ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም።

ከአሰልጣኜ ጋር ተመካከርን። ፊት ካሉት ጋር አትነሺ፣ ሁለተኛው ግሩፕ ውስጥ ተደበቂ፣ ቢያንስ እስከ 15 ማንንም ለመቅደም አትሞክሪ። አንዱንም አላፈረስኩም። እስከ 12ኛው ኪሎ ሜትር ደህና ነበርኩ። ከዚያ እግሬ ሳያመኝ፣ ትንፋሼም ሳይቆራረጥ፣ ዝም ብሎ ጉልበቴ አለቀ። የደረሰበት ያውቀዋል። ሕመም ቢሆን ትታገለዋለህ። ይሄ ግን የሚታገሉትም ነገር አይደለም። መጀመሪያ አንድ ክንድ ቀረሁ፣ ከዚያ የአንድ መኪና ርዝመት። እስከዚያ ድረስ የልጆቹ ትንፋሽና የጫማቸው ኮቴ ጆሮዬ ሥር ነበር። አንድ ኩርባ ላይ ስደርስ የራሴን ጫማ ብቻ ሰማሁ። መንገድ ዳር የቆመ ባጃጅ ሹፌር "አይዞሽ እናቴ፣ ቀስ እያልሽ" አለኝ። ቀስ እያልሽ! ያኔ ነው እንባዬ ዱብ ያለው።

የሚገርመኝ ውጤቱ አይደለም። 1 ሰዓት ከ20 አካባቢ እንደምገባ ቅዳሜ ማታ ለእህቴ ነግሬያታለሁ። የሚገርመኝ ንዴቱ ነው። ድንገት የመጣ ነገር ሰውን ቢያናድድ ይገባኛል። አውቄው የገባሁበት ነገር ግን ለምን እንዲህ አንገበገበኝ? እናንተ ላይስ ደርሶ ያውቃል?

ባጃጅ ሦስተኛ ማርሽ

ሃሃሃ፣ ሹፌሩ እኔ አልነበርኩም። ግን በማኅበሩ ስም ይቅርታ። ሰውየው ለማበረታታት ነው እኮ።

አዳሬ

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዳትይኝ እንጂ እኔ አላባብልሽም። ካልተሻለሽ አትሮጪም፣ አለቀ። ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ሲሳይ ለማን አላየሽም? በዚያው ዓመት ሚያዝያ የቦስተን ማራቶንን ያሸነፈ ሰው ነው። ጉዳት ስለነበረበት ቀረ። ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ተተክቶ ገባ፣ በ2:06:26 የኦሎምፒክ ሪከርድ ሰብሮ ወርቅ ይዞ መጣ። ሲሳይ "ልጨርስላችሁ ብቻ" ብሎ ቢገባ ኖሮ ዛሬ ያ ወርቅ የማን ነበር?

የሐይቅ ዳር ሯጭ

አዳሬ፣ ነገርህ ልክ ነው። ግን የብሔራዊ ቡድኑ ተጠባባቂ የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ ታምራት ኦሪገን ላይ በ2022 አሸንፏል። የእኛ ክለብ ተጠባባቂ ወንበር ነው። ያውም ባዶ ወንበር።

ኳስ ብቻ

እኔ ሩጫ አላውቅም፣ የሰፈር ኳስ ተጫዋች ነኝ። ከጉዳት ስንመለስ አሰልጣኙ ለመጨረሻው 20 ደቂቃ ያስገባናል። ካልቻልክ እጅህን ታነሳለህ፣ ትቀየራለህ፣ ውኃህን ይዘህ ትቀመጣለህ። አንቺን 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ማን ይቀይርሽ? ሳስበው ራሱ ይደክመኛል።

ሱሉልታ ጠዋት

ሀዋሳ እኮ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ከኛ በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሰዓት መሻሻል ነበረበት።

የቦቆጂ ልጅ

ሱሉልታ፣ አንድ ጊዜ ና እና ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሐይቁን ዞረህ ሩጥ። ከዚያ ስለ ወፍራም አየር እናወራለን።

ጋሽ ሰዓት ያዥ

ልጄ፣ ሰዓት ይዤ ሜዳ ዳር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ትንሽ ላስረዳሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ብቃት ስንል አንድ ነገር ይመስለናል። አይደለም። ሰው ልምምድ ሲያቆም መጀመሪያ የሚቀንሰው የደሙ ፈሳሽ ነው፤ ለዚህ ጥቂት ቀናት ይበቃሉ። ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ስለሚያንስ ያው ፍጥነት ብዙ ምት ይጠይቃል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲሆን ደግሞ ጡንቻ ኦክስጅንን ወደ ጉልበት የሚቀይርበት አቅም ይወርዳል። ሲመለስ ትንፋሽ ይቀድማል፣ ጅማት ይዘገያል። ብዙ ልጅ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ትንፋሹ "ሂድ" ይለዋል፣ የተረከዙ ጅማት ግን ገና ነው። አንቺ ቢያንስ እግርሽ ደህና ሆኖ ገብተሻል፣ ተመስገን በይ።

12ኛው ላይ የሆነብሽ ምሥጢር የለውም። እያንዳንዱ ሯጭ እኛ ጣሪያ የምንለው ፍጥነት አለው። ከጣሪያው በታች ከሆንሽ ለረጅም ጊዜ ትሄጃለሽ። ካለፍሽው ግን ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ሁለተኛው ግሩፕ ለጤነኛዋ አንቺ ከጣሪያው በታች ነበር። ለእሁዷ አንቺ ደግሞ ትንሽ በላይ ነበር። በጣም በላይ ቢሆን 5ኛው ላይ ትቆሚ ነበር። ትንሽ ስለነበር እስከ 12 አታለለሽ። ለአሰልጣኝሽ ክብር አለኝ፤ ግን "ሁለተኛው ግሩፕ ውስጥ ተደበቂ" የሚለው ነገር አይዋጥልኝም። ግሩፑ ያንቺን ወባ አያውቅም፣ የራሱ ጉዳይ አለው። 1 ከ21 ማለት በአማካይ ኪሎ ሜትሩን በ3:50 ነው። ከመጀመሪያው በ3:50 ብቻሽን ሄደሽ ቢሆን ሰዓቱ ምናልባት ያው ነው፣ አወዳደቅሽ ግን ሌላ ይሆን ነበር። እንዲያውም በመጨረሻ ሰው ትቀድሚ ነበር።

ንዴቱን በተመለከተ፣ ቅዳሜ ማታ ለእህትሽ የነገርሻት ቁጥር ነው። በልምምድ ጥለሻቸው የምትሄጂው ልጆች ጀርባ ከኋላ ሲታይ ምን እንደሚመስል አልነገርሻትም። ሰዓትን መገመት ይቻላል። መቅረትን ግን ቀድሞ የሚቀምሰው የለም። እኔ ያየሁት ሯጭ ሁሉ የሚናደደው በዚያ ነው።

የሐይቅ ዳር ሯጭ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጀርባቸውን ነገር ሲጽፉ ቀና ብዬ ግድግዳ አየሁ። አንደኛዋ ልጅ እኮ ባለፈው ዓመት ልምምድ ላይ "እባክሽ ቀስ በይልኝ" የምትለኝ ናት። እሁድ ዞር ብላ አየችኝ። ምንም ክፋት የለባትም፣ እንደውም ደነገጠች። ያ መደንገጧ ነው የባሰብኝ።

ደግሞ የ3:50ው ነገር ልክ ነዎት። አሰልጣኜን ላሳየው ይሆን? (አኩራፊ ነው።)

ጋሽ ሰዓት ያዥ

አሳዪው። ካኮረፈ ከእኔ ጋር ያኩርፍ።

ጣቦር ሥር

ጋሽ ሰዓት ያዥ ያሉትን ካነበብኩ በኋላ የምጨምረው አለኝ፤ ለአዳሬም መልስ ይሆናል። እኛ አገር ታሞ የገባ ሰው ታሪክ የሚነገረው ካሸነፈ ብቻ ነው። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ፣ ከአንድ ወር ብዙም ሳያልፍ፣ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ላይ በ1957 ዓ.ም. በ2:12:11 የዓለም ምርጥ ሰዓት አስመዝግቦ አሸነፈ። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሜክሲኮን ግን ማን ያወራል? ያው አበበ በ1961 እግሩን ተጎድቶ ገብቶ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ስላሸነፈ ወርቁ እኛው ቤት ቀረ፣ የአበበ ማቋረጥም ተረሳ።

ኃይሌም እንዲሁ ነው። ሲድኒ ኦሎምፒክ 10 ሺህ ሜትር ላይ የተረከዙ ጅማት እያመመው ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመው፤ እስከ ዛሬ ስናየው ፀጉራችን ይቆማል። ከአራት ዓመት በኋላ አቴንስ ላይ ጅማቱ እንደገና ልምምዱን አበላሽቶበት ገባና አምስተኛ ወጣ። ቀነኒሳና ስለሺ ዞር ዞር እያሉ ሲያዩት ትዝ ይላችኋል? እኛ ቤት አባቴ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን "አትጠብቁት፣ ሂዱ!" ብሎ ይጮህ ነበር። ኃይሌን እንደ ልጁ የሚወድ ሰው እኮ ነው። ከዚያ ሲያልቅ ወጥቶ በረንዳ ላይ ተቀመጠ፤ ቀነኒሳ ወርቅ አምጥቶም ደስ አላለውም።

ሁላችንም ታመን የምንሮጠው የሲድኒውን ኃይሌ እያሰብን ነው። የአቴንሱን ኃይሌ አስቦ ውድድር የቀረ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

አዳሬ

ጣቦር፣ አንተ እኮ የእኔን ሐሳብ ነው በምሳሌ ያስረዳኸው። ካልተሻለህ አትግባ።

ጣቦር ሥር

አይደለም። ከገባህ አቴንስም ያለ ነገር መሆኑን አውቀህ ግባ ነው የምለው።

የቦቆጂ ልጅ

የኛን ጉድ ደግሞ ልንገራችሁ። እኔ ውጭ አገር የጎዳና ውድድር እሮጥ ነበር። ቪዛ በስንት መከራ ይገኛል። ከተገኘ በኋላ "ቁርጭምጭሚቴን አመመኝ" ብትል ማን ይሰማሃል? ማናጀሩ ቲኬት ቆርጧል፣ ቤተሰብ ዕዳ ቆጥሯል። ገባሁ፣ አቋረጥኩ። ባዶ እጄን ስመለስ የቲኬቱ ገንዘብ ከሚቀጥለው ሽልማቴ እንደሚቆረጥ ተነገረኝ። የሚቀጥለው ሽልማት እስኪመጣ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፣ ተዉት።

ለእህቴ አንድ ነገር። ከውድድር ማግስት ምንም አትወስኚ። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2010 ኒውዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱን አሞት አቋረጠና እዚያው ሩጫ አቆምኩ አለ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሐሳቡን ቀየረ። እሱ እንኳን ንዴት ካናገረው እኛማ።

ላብራቶሪ ጥግ

ሰላም፣ እዚህ ሀዋሳ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። እናንተ ስለ ኦሎምፒክ ስታወሩ እኔ መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ቆሜያለሁ። እህቴ፣ ወባሽ የትኛው ዓይነት ነበር? ፋልሲፓረም ነው ቫይቫክስ?

የሐይቅ ዳር ሯጭ

ካርዱን አሁን አየሁት። ሁለቱም ጊዜ ቫይቫክስ ይላል።

ላብራቶሪ ጥግ

ጠርጥሬ ነበር። ቫይቫክስ ክፉ ልማድ አለው። ከደምሽ ከጠፋ በኋላም ጉበት ውስጥ ይተኛል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ አዲስ ትንኝ ሳትነክስሽ ሊነሳ ይችላል። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ነው የሚያጠፋው። ጉበት ውስጥ ለተኛው ፕሪማኪን የሚባል አለ፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን የሚዋጥ። ግን ለሁሉም አይሰጥም። ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ጂ ስድስት ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ያነሰው ሰው ላይ ደግሞ ቀይ የደም ሴል ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ ፋርማሲ ሄደሽ ገዝተሽ እንዳትውጪ። ካርድሽን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂና ወስጄዋለሁ ወይስ አልወሰድኩም ብለሽ ጠይቂ።

ሁለተኛው ነገር፣ ወባ የሚራባው ቀይ የደም ሴልን እያፈረሰ ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው ደግሞ እሱ ነው። "እግሬ ሳያመኝ ጉልበቴ አለቀ" ስትዪ እኔ የሰማሁት ይህን ነው። ሄሞግሎቢን (የደምሽን መጠን) ተለክተሻል?

የሐይቅ ዳር ሯጭ

አልተለካሁም። ትኩሳቱ ሲጠፋ ድኛለሁ ብዬ ነው የሮጥኩት። ነገ እሄዳለሁ።

ፍቅር ሐይቅ

አሞራ ገደል ሂጂና የዓሣ ሾርባ በሚጥሚጣ ጠጪ። ጠዋት ጠዋት አጃ። ማታ ቀይ ሥር። ደም ማነስ ውልቅ ብሎ ነው የሚሄደው።

ላብራቶሪ ጥግ

ሾርባው ይጣፍጣል፣ እኔም ምሳዬ እሱ ነው። ሕክምና ግን አይደለም።

የሐይቅ ዳር ሯጭ

ውጤቱ መጣ። ሄሞግሎቢን 10.6።

ላብራቶሪ ጥግ

ይህን ይዘሽ ነው 21 ኪሎ ሜትር የሮጥሽው? ለአዋቂ ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው የሚባለው። እንደኛ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው መስፈርቱ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ይላል። ሐኪሙ የብረት ክምችትሽንም እንዲያይልሽ ጠይቂው። ቀይ የደም ሴል ዕድሜው አራት ወር ያህል ነው፤ ሰውነትሽ የጎደለውን እስኪተካ ሳምንታት ይፈልጋል። በጉጉት የሚፋጠን ነገር አይደለም።

አዳሬ

እኔ መጀመሪያ ምን አልኩ? ጨካኝ ነው ብላችሁኝ ነበር።

ባጃጅ ሦስተኛ ማርሽ

ማንም ጨካኝ አላለህም ወንድሜ፣ አንተው ነህ ያልከው።

የሐይቅ ዳር ሯጭ

አዳሬ፣ ደሜን ተለክቼ ቢሆን አልገባም ነበር፤ በዚህ ተስማምተናል።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ቁጥሩን ሳይ ደስ አለኝ። ሰነፍ አልነበርኩም፣ አላረጀሁም፣ ይኸው ወረቀት አለኝ አልኩ። ወረቀቱን ለእህቴ አሳየሁ፣ ለአሰልጣኜ አሳየሁ፣ ጥበቃውም ሳያየው አልቀረም። ማታ ሜዳ ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ። ልጆቹ 400 እየደጋገሙ ይሠራሉ። ያቺው ልጅ የመጨረሻውን ዙር ስትዘጋ አየኋት። እንደገና አንገበገበኝ። ለካ ምክንያት ማግኘቱ አያበርድም። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጋሼ፣ የሀገር አቀፉ ሻምፒዮና ደርሷል፤ ክለቡ 10 ሺህ ሜትር ሊያስመዘግበኝ ይፈልጋል። አሰልጣኜ "ጋሽ ሰዓት ያዥን ጠይቂያቸው" ብሏል። አላኮረፈም! 3:50ውን አንብቦ ሳቀ።

ጋሽ ሰዓት ያዥ

አይሆንም ልጄ። 10 ሺህ በትራክ ላይ፣ 25 ዙር፣ ሰው ሲደርብሽ እያየሽ? መንገድ ላይ መቅረት እንኳ ይሻላል፣ ኩርባ ይሸፍንሻል።

አሁን የምትሠሪውን ልንገርሽ። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ስፒድ የሚባል የለም። ሶምሶማ ከፈቀደልሽ፣ እያወራሽ በምትሮጪበት ልክ ብቻ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ የልብ ምትሽን ቁጠሪና ደብተር ላይ ጻፊ። ከተለመደው ከፍ ያለ ቀን ጫማሽን አትንኪ። ትኩሳት ባለበት ቀን ደግሞ በፍጹም፤ ትኩሳት ላይ መሮጥ ልብ ሊጎዳ ይችላል፣ እሱ ቀልድ አይደለም። የደምሽ ቁጥር ሲመለስ ጣሪያሽን እንደ አዲስ እንፈልጋለን። የዓምናውን ሰዓት ከግድግዳሽ ላይ አውርጂው። እዚያ እስካለ ድረስ በየጠዋቱ የምትሸነፊው ለእሱ ነው።

ለክለቡ ደግሞ በቃል እንዳትነግሪ። ወረቀቱን ኮፒ አድርገሽ በደብዳቤ ስጪ። "ትንሽ አሞኝ ነው" ካልሽ "ጨርሺልን ብቻ" ይሉሻል። 10.6 የሚለውን ቁጥር አይተው ግን አይሉሽም።

የሐይቅ ዳር ሯጭ

በደብዳቤ ሰጠሁ። ኃላፊው አንብቦ "አንቺ ልጅ በሕይወት መኖርሽም ተመስገን ነው" አለኝ። ከዝርዝሩ ወጣሁ።

አዳሬ

ጎበዝ። ታዲያ 10 ሺውን ማን ይሮጣል?

የሐይቅ ዳር ሯጭ

ከወንዶ ገነት የመጣች የ5 ሺህ ልጅ አለች። 10 ሺህ ሮጣ አታውቅም፣ ጤናዋ ግን ድንጋይ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ እኔ ሰዓት እይዝላታለሁ። የተቸገርነው ለጫማ ነው። 38 ቁጥር ስፓይክ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

የቦቆጂ ልጅ

የእህቴ 38 ቤት ተቀምጧል። ከግራው ሁለት ጥርስ ጎድሏል እንጂ ደህና ነው። መናኸሪያ አካባቢ ነኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታችሁ ውሰዱት።